የኔትወርክ ካርዱን ስም ማን ያውጣ? ከርነል ወይስ ዩዘር ስፔስ

ሊኑክስ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ይዋል ይደር እንጂ ይህ ይገጥመዋል። ማሽኑ ሪስታርት ይደረጋል፣ ይነሳል፣ ኔትወርክ ግን የለም። ካርዱ ደህና ነው። ኬብሉ እንደተሰካ ነው። አይፒ አድራሻውም ኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ አለ። የተቀየረው ስሙ ብቻ ነው። ኮንፊጉ የሚያውቀው ኢኤንፒ3ኤስ0 የሚባል ኢንተርፌስ ነው፤ ማሽኑ ላይ አሁን ያለው ግን ኢኤንፒ4ኤስ0 ሆኗል። ሰርቨሩ ሌላ ከተማ ከሆነ ደግሞ በኤስኤስኤች (ከርቀት) መግባት ስለማይቻል ስክሪኑ ፊት የሚቆምልህ ሰው መለመን ትጀምራለህ።

ብዙ ሰው ይህን ሁሉ የሲስተምዲ (ሊኑክስ ሲነሳ አገልግሎቶቹን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ጥፋት አድርጎ ነው የሚያወራው። «ድሮ ስሙ ኢቲኤች0 እያለ ምን ነበረበት?» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ድሮም ችግር ነበረበት፤ እንዲያውም የባሰ።

ለከርነሉ፣ ለሊኑክስ እምብርት ማለት ነው፣ ኢንተርፌስ ማለት በመሠረቱ ቁጥር ነው። ኢፍኢንዴክስ ይባላል፣ ስሙ ላዩ ላይ የተለጠፈ ነገር ነው። ግን ሰው በቁጥር አይሠራም፣ ቁጥሩም ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ከርነሉ ካርዶቹን ባገኛቸው ቅደም ተከተል ኢቲኤች0፣ ኢቲኤች1 እያለ ይሰይማቸዋል። አንድ ካርድ ብቻ ካለ ምንም አይደል። ሁለትና ሦስት ሲሆኑ ነው ጣጣው የሚመጣው። ድራይቨሮቹ ጎን ለጎን ስለሚነሱ ማን ቀድሞ እንደሚጨርስ ዋስትና የለም፣ ትናንት ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው ካርድ ኢቲኤች0 ከነበረ ዛሬ ኢቲኤች1 ሊሆን ይችላል። የፋየርዎል ሕጉ ደግሞ የተጻፈው በስም ነው። ለውስጥ ኔትወርክ ብቻ ብለህ የፈቀድከው ሁሉ፣ ስሞቹ ሲቀያየሩ ለውጪው ዓለም ክፍት ይሆናል። ይሄ የኔትወርክ መቋረጥ ብቻ አይደለም፣ የደህንነት ጉዳይ ነው።

ዲስክ ላይ ተመሳሳይ ችግር ነበረ፣ ግን በቀላሉ ተፈታ። ዲስክ ዴቭ በሚባለው ዳይሬክተሪ ውስጥ የራሱ ፋይል አለው። ስለዚህ ዩደቭ (መሣሪያዎችን የሚከታተለው ፕሮግራም፣ ዛሬ የሲስተምዲ አካል) በመለያ ቁጥሩ፣ በዩዩአይዲው፣ በተሰካበት ቦታ እያደረገ የፈለገውን ያህል ሲምሊንክ (ወደ ፋይሉ የሚያመለክት ተጨማሪ ስም) ይሠራለታል፤ ዋናውን ስም መንካት አያስፈልገውም። የኔትወርክ ካርድ እዚያ ፋይል የለውም። ሲምሊንክ የሚሠራለት ነገር የለም። ያለው አንድ አማራጭ ከርነሉ ያወጣውን ስም ራሱን መቀየር ነው። ለእኔ የነገሩ ሁሉ ሥር ይሄ ነው።

መጀመሪያ የተሞከረው ማክ አድራሻን (የካርዱን መለያ ቁጥር) ከስም ጋር ፋይል ላይ መዝግቦ መያዝ ነበር። ዩደቭ አዲስ ካርድ ሲያይ ይመዘግባል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ስም ይሰጠዋል። በወሬ ደረጃ ጥሩ ነው። ሲሠራ ግን ዩደቭ «ይሄ ኢቲኤች0 ይሁን» ሲል በዚያው ቅጽበት ከርነሉ ኢቲኤች0ን ለሌላ ካርድ ሰጥቶታል። ሁለቱ በአንድ ስም ይሻማሉ። ቨርቹዋል ማሽን ኮፒ ሲደረግ ደግሞ ማክ አድራሻው አዲስ ስለሚሆን፣ የድሮው ምዝገባ ኢቲኤች0ን ይዞ ይቀራል፣ አንድ ካርድ ብቻ ያለው ማሽን ኢቲኤች1 ብሎ ይነሳል። ይህን ያየ ሰው ብዙ ነው።

ከዚያ ዴል ባዮስዴቭኔም የሚባለውን የስም ማውጫ ፕሮግራም ይዞ መጣ፣ ፌዶራ 15ም እ.ኤ.አ. በ2011 ተቀበለው። በጃንዋሪ 2013 ደግሞ ሲስተምዲ 197 ዛሬ የምናውቃቸውን ስሞች አመጣ። ኢኤንፒ3ኤስ0 ማለት ኢተርኔት፣ ፒሲአይ ባስ 3፣ ስሎት 0 ማለት ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ስሙ የሚወጣው ካርዱ ከተሰካበት ቦታ እንጂ ከተገኘበት ተራ አይደለም። የተቃጠለ ካርድ አውጥተህ ሌላ እዚያው ብትሰካ ስሙ አይቀየርም። ፋይል ላይ የሚመዘገብ ነገርም የለም።

ታዲያ ለምን ይቀየራል? የፒሲአይ ባስ ቁጥር ቦርዱ ላይ የተቀረጸ ስላልሆነ ነው። ማሽኑ ሲነሳ ነው የሚቆጠረው። ጂፒዩ ወይም ኤንቪኤምኢ ዲስክ ሲጨመር ከኋላው ያሉት ቁጥሮች አንድ አንድ ሊገፉ ይችላሉ።

ሌላው ምክንያት ብዙ አይወራለትም፣ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። ስሙን የሚያወጣው ዩዘር ስፔስ (ከከርነሉ ውጪ ያሉት ፕሮግራሞች፣ እዚህ ዩደቭ) ነው፣ የሚያወጣበትን መረጃ የሚሰጠው ግን ከርነሉ ነው። ከርነሉ ስለ ካርዱ የበለጠ መናገር ሲጀምር ስሙም ይቀየራል። የአንድ ወዳጄን ሰርቨር ላንሳ። ሁለት ፖርት ያለው ካርድ ነው፣ ስሞቹ ኢኤንኤስ1ኤፍ0 እና ኢኤንኤስ1ኤፍ1 ነበሩ። ከርነል ተዘመነ፣ ሃርድዌሩን ማንም አልነካም። ሲነሳ ኢኤንኤስ1ኤፍ0ኤንፒ0 እና ኢኤንኤስ1ኤፍ1ኤንፒ1 ሆኑ። አዲሱ ድራይቨር የፖርቱን ስም ለዩዘር ስፔስ መናገር ጀምሯል፣ ዩደቭም አገኘሁ ብሎ መጨረሻው ላይ ቀጠለው። ሁለቱም ወገን ትክክል ሠርቷል። ሰርቨሩ ግን ከኔትወርክ ወጥቷል።

ሲስተምዲ ከ240 ጀምሮ የአሰያየም ሕጉን በቨርዥን መቆለፍ እንዲቻል አድርጓል። ጥሩ ነው፣ ግን የሚቆልፈው የራሱን ሕግ ነው፤ ከርነሉ ነገ የሚናገረውን አይቆልፍም።

እውነተኛው መድኃኒት የመጣው ከከርነሉ ነው፣ ያውም ዘግይቶ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ የወጣው ከርነል 5.5 ለአንድ ኢንተርፌስ ተጨማሪ ስሞች እንዲኖሩት ፈቀደ። ዋናው ስም ከ15 ፊደል መብለጥ አይችልም፣ ተጨማሪዎቹ ግን እስከ 127 ይሄዳሉ። ዲስኮቹ ሲምሊንክ ያላቸውን ያህል፣ ካርዱም በማክ፣ በስሎት፣ በቦታ ሊጠራ ይችላል። ይህ ገና ከመጀመሪያው ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ ስም መቀየር ባላስፈለገ ነበር። አሁንም ቢሆን ሙሉ አይደለም። የፋየርዎል መሣሪያው አይፒቴብልስ ለምሳሌ የሚያየው ዋናውን ስም ብቻ ነው።

እኔ ከአንድ በላይ ካርድ ባለበት ማሽን ሁሉ ስሙን ራሴ ነው የማወጣው። የማሽኑን ሥራ የሚያውቀው ከርነሉም ሲስተምዲም አይደለም፣ ባለቤቱ ነው። ዶት ሊንክ ፋይል (ለሲስተምዲ የካርድ ስም የሚነግር ኮንፊግ) እጽፋለሁ፤ ካርዱን በማክ አድራሻው እለየዋለሁ፣ ላን0 ወይም ዋን0 እለዋለሁ። ኢቲኤች ብላችሁ ግን አትጀምሩ፣ ከከርነሉ ጋር የነበረው ሽሚያ ይመለሳል። ፋይሉ ውስጥ ማክ ስትጽፉም ቋሚውን ማክ የሚመለከተውን ቁልፍ (ፐርማነንትማክአድሬስ) ተጠቀሙ። ቪላን (በአንድ ካርድ ላይ የሚሠራ ቨርቹዋል ኢንተርፌስ) የእናቱን ካርድ ማክ ስለሚወርስ ተራው ቁልፍ (ማክአድሬስ) እሱንም ሊይዘው ይችላል።

ኔት ዶት አይኤፍኔምስ የሚባለውን የማስነሻ አማራጭ ዜሮ አድርጎ ወደ ድሮው መመለስስ? አንድ ቨርቹዋል ካርድ ብቻ ላለው ማሽን ይሁን። ሁለት ካርድ ባለው ላይ ግን አትሞክሩት።

የዶት ሊንክ ፋይሉ ስም በ10 ይጀምር፣ በ99 ከሚጀምረው የሲስተሙ ፋይል ቀድሞ እንዲነበብ። ደቢያን ወይም ኡቡንቱ ላይ ከሆናችሁ ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት ኢኒትራምኤፍኤሱን (ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጫነውን ጊዜያዊ ፋይል ሲስተም) እንደገና ሥሩት፤ ስሙ እዚያም ውስጥ ስለሚወጣ አዲሱ ፋይል እዚያ ከሌለ ካርዱ በድሮው ስም ሊነሳ ይችላል።