ፌሮውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ

እንግሊዝ አገር አንድ አሮጌ የሜቶዲስት (ከፕሮቴስታንት ቤተ እምነቶች አንዱ ነው) ጸሎት ቤት ውስጥ ፌሮ፣ ማለትም አርማታ ውስጥ የሚቀበረውን ብረት፣ ቆርጫለሁ። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አልቆርጠውም ነበር።

ቤቱ የተሠራው አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊነሳ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። ሰገነቱ ሥር ስንጥቅ ታየና አርማታውን መርምር ተባልኩ። ቅርስ ስለሆነ ፈቃድ ብዬ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ከስድስት ሳምንት በኋላ “ይሄ እኛን አይመለከትም” አሉኝ። ለካስ እዚያ አገር ለእንዲህ ያለ ሥራ ፈቃድ የምትሰጠው ራሷ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ናት። ይህን በመጀመሪያው ቀን በስልክ መንገር ምን ይከብዳል?

ከውጭ ለሚያየው የድንጋይ ቤት ነው። ድንጋዩ ግን ልብስ ነው፤ አጥንቱ አርማታ። ለንደን ዌስትሚኒስተር ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1912 የተከፈተው የሜቶዲስቶች ትልቁ አዳራሽም በባሮክ ጌጥ ውስጥ አርማታ ደብቋል። (የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1946 መጀመሪያ የተሰበሰበው እዚያ ነው፤ ኢትዮጵያም ከ51ዱ አገሮች አንዷ ነበረች።) ሜቶዲስቶች ዘንድ ስብከት ትልቅ ቦታ አለው፤ ሰባኪውን ምሰሶ እንዲጋርደው አይፈልጉም። አርማታ ደግሞ ሰገነቱን ያለ ምሰሶ አርቆ ይሸከምላቸዋል።

ወደ ጉዴ ልምጣ። ሰገነቱን ከሚሸከመው አግዳሚ አርማታ፣ ከቢሙ፣ ናሙና ማውጣት ነበረብኝ። የተሰጠኝ መመሪያ “ቅርሱን ብዙ አትንካ፤ በመሣሪያ ፈልገህ ፌሮ የሌለበትን ብሳ” ይላል። ፌሮ ፈላጊውን ቢሙ ላይ አስኬድኩት። ከታች ጮኸ፣ ከጎን ዝም አለ። ዝም ያለበትን በጠመኔ ከበብኩና ድሪሉን አስነሳሁ።

መጀመሪያ ከቀዳዳው የሚወርደው ውሃ ግራጫ ነበር። ትንሽ እንደገባ የድሪሉ ድምፅ ቀጠነ፣ ፉጨት ሆነ። ውሃው ጠቆረ። እዚያው ማቆም ነበረብኝ። “ጠጠር ይሆናል” ብዬ ገፋሁ። ናሙናው ሲወጣ ወገቡ ላይ አዲስ የተቆረጠ ብረት ያብረቀርቃል።

ጁልየስ ካን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1903 ፓተንት ያወጣበት ፌሮ ነው። እኛ እንደለመድነው ክብ አይደለም። ግራና ቀኙ ክንፍ አለው። ክንፉን ከፊል ቆርጠው ወደ 45 ዲግሪ ቀና ያደርጉታል፤ ከዋናው ብረት ሳይለይ የስታፋን (ዋናውን ፌሮ የሚያቅፈውን ቀጭን ቀለበት ብረት) ሥራ ይሠራል። ቀጭንና ሰያፍ ነው፣ ጠልቆም ተቀብሯል፤ መሣሪያዬ አላየውም። የቆረጥኩት ደግሞ ቢሙ ግድግዳው ላይ በሚያርፍበት ጫፍ፣ ክንፉ እጅግ በሚፈለግበት ቦታ ነው። ሦስት ሳምንት ሰገነቱ በድጋፍ ቆመ። ወጪውን ማን እንደከፈለ አትጠይቁኝ።

መመሪያውን የጻፉት ቅር ይበላቸው እንጂ፣ ከመብሳታችሁ በፊት ልስኑን በመሮ አንሱ። መዳፍ የሚያህል ፈልፍላችሁ ፌሮውን በዓይናችሁ እዩት። ጠባሳው ይሰፋል፤ ይስፋ። የድሮ ፕላን ካላችሁም አትመኑት። የኔው ላይ የተሳለው ክብ ፌሮ ነበር።

ናሙናው ላይ ፌኖልፍታሊን የተባለውን፣ ጤነኛ አርማታ ሲነካ ቀለሙ የሚለወጥ መመርመሪያ ፈሳሽ ስረጭበት ከላዩ ጥቂት ሚሊ ሜትር በቀር ደማቅ ሮዝ ሆነ፤ አርማታው ዛሬም ፌሮውን ከዝገት ይጠብቃል ማለት ነው። ስንጥቁም የልስን ብቻ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ቢም ውስጥ ያገኘሁት የተጎዳ ፌሮ ያ የቆረጥኩት ብቻ ነው።