ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት

የጥቅምት ማለዳ የደሴ ብርድ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ፣ ከአንዲት ብርጭቆ ሻይ በቀር ምንም ሳልቀምስ ሽንት ቤት ደጋግሜ ተመላለስሁ። ብርድ በቆዳ ላይ ያሉትን የደም ሥሮች ሲያጠብባቸው ደሙ ወደ መሐል አካል ይሰበሰባል፤ በልብና በትልልቅ የደም ሥሮች ግድግዳ የሚገኙት የግፊት ተቆጣጣሪዎችም ይህን እንደ ትርፍ ፈሳሽ ስለሚቆጥሩት፣ ውሃ ቆጣቢው ሆርሞን ቫሶፕሬሲን ይቀንስና ኩላሊት ውሃውን ይለቀዋል።

ረፋድ ላይ በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ተያያዝነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ሆኖም ከ2,500 ሜትር አካባቢ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሚያወርድ፣ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሹራቡ ሁሉ ወልቆ በየጭኑ ላይ ተቀምጦ ነበር።

መናኸሪያው አጠገብ ጫኝና አውራጆች ጆንያ ያራግፋሉ። ከእነርሱ አንዱ በለበሰው ጥቁር ከናቴራ ጀርባ ላይ ላቡ ደርቆ ነጭ የጨው መስመር ሠርቷል። ላብ ከደም ይልቅ ጨው የሚያንሰው በመሆኑ፣ ብዙ ያላበው ሰው ደም እየወፈረ ይሄዳል፤ በደሙ ውስጥ ያለው የጨው ክምችት ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ከፍ ሲል በአንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ ያውቅበትና ጥማትን ይቀሰቅሳል፣ ቫሶፕሬሲንንም ያስለቅቃል። በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ የሚያጣራው ኩላሊት አብዛኛውን ምንጊዜም መልሶ ወደ ደም ያስገባል፤ በዚህ ትእዛዝ ደግሞ ከቀረው ውሃ ተጨማሪ ይመልሳል። የጠፋውን ጨው የመቆጠቡ ሥራ ግን የአልዶስትሮን ነው፤ እርሱም ሥራውን ለመጀመር ሰዓት የሚወስድ ዝግ ያለ ሆርሞን ነው።

ወጣቱ ሁለተኛውን ሃይላንድ ሲገለብጥ፣ በላስቲክ ጥላ ሥር ቡና የሚያፈሉት እናት «ልጄ፣ ውሃ ብቻ አትጋት፤ እህል ቅመስበት» አሉት። ምክራቸው ሐኪም የሚያርመው አይደለም። ጨው ያልታከለበት ብዙ ውሃ ደሙን ሲያቀጥነው ቫሶፕሬሲን ይዘጋና የተጠጣው በሽንት ይወጣል፤ መጠኑ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ በሊትር ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል መሆን የሚገባው ሶዲየም ይወርድና ውሃው ወደ ሴሎች ገብቶ አንጎልን እስከ ማሳበጥ ይደርሳል። በተቅማጥ ጊዜ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርም ከጨው ጋር ስኳር የያዘው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአንጀት ግድግዳ ሶዲየምና ግሉኮስ አብረው ሲያልፉ ውሃው ይከተላቸዋል።

እናት በወሎ ገጠር ልማድ ለወጣቱ ቡናውን በጨው ሰጡትና ወደ እኔ ዞረው «ላንተስ?» አሉኝ። እኔ የምወስደው የደም ግፊት ኪኒን ኩላሊት ሶዲየምን በሽንት እንዲያስወጣ የሚያደርግ በመሆኑ፣ ያወጣሁትን መልሼ በሲኒ ማስገባቱ ስላልታየኝ በስኳር እንዲያደርጉልኝ ለመንኋቸው።