ለአንድ ልጅ አንድ ብልቃጥ

የልጆች ክትባት ዘመቻ በበጎ ፈቃድ ማስተባበር ስጀምር ዋናው ሥራ መርፌው ይመስለኝ ነበር። እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። ድርሻዬ ሰው ማሰባሰብ፣ መኪና መፈለግና ልጆችን መቁጠር ነው። የሚወጉት ነርሶቹ ናቸው።

ቆጠራው ብቻውን ሳምንት ፈጀ። ቤት ለቤት ዞርን። «ስንት ልጅ አላችሁ?» ስንል መልሱ ብዙ ጊዜ ይጎድላል። አራስ ቤት ያለውን የሚቆጥረው የለም። ዘመድ ዘንድ የተጠጋውም ይረሳል። ስለዚህ ጥያቄውን ቀየርነው። «ትናንት ማታ እዚህ ቤት ያደሩ ከአምስት ዓመት በታች ልጆች ስንት ናቸው?» ማለት ጀመርን። አንድ ቤት ሁለት የተባለው አራት ሆነ።

ከዚያ ደግሞ ቅዝቃዜው አለ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት። ሰው ሁሉ የሚፈራው ሙቀቱን ነው። ለሙቀቱ ግን ብልቃጡ ላይ ምልክት አለ። ክቡ ውስጥ ያለው ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ጠቁሮ ከክቡ ጋር ከተመሳሰለ ክትባቱ ይጣላል። በረዶ መሥራቱን ግን ያ ምልክት አያሳይም። አምስት በሽታ የሚከላከለው ፔንታቫለንት አንዴ በረዶ ከሠራ ተበላሸ ማለት ነው፤ ላዩ ግን ምንም የሆነ አይመስልም። ስለዚህ አይስ ፓኩን፣ ማለትም ውሃ ተሞልቶ በረዶ የተሠራበትን ፕላስቲክ፣ ከፍሪዘር አውጥተን ወዲያው ሳጥን ውስጥ አንከትም። እስኪያልበው እንጠብቃለን። ጆሮዬ ሥር አድርጌ ስነቀንቀው ውስጡ ያለው በረዶ ከተንኳኳ ደርሷል።

የኩፍኝ ክትባት ዱቄት ሆኖ ነው የሚመጣው። እኛ የነበረን ባለ አሥር ዶዝ፣ ማለትም ለአሥር ልጅ የሚበቃ ብልቃጥ ነው። በመበጥበጫው አንዴ ከተበጠበጠ ቢበዛ 6 ሰዓት ነው የሚቆየው፤ የተረፈው ይወገዳል። እኔም ስንት ብልቃጥ እንደሚያስፈልግ ሳሰላ የልጆቹን ቁጥር ለአሥር አካፈልኩና ጨረስኩ።

በመጀመሪያው ቀን ማምሻው ላይ አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጣች። የተከፈተው ብልቃጥ አልቋል። ከእሷ ሌላ ሰው የለም። ለአንድ ልጅ አዲስ ከፍቶ ዘጠኝ ዶዝ መጣል ከበደኝ። «እህቴ፣ ነገ ጠዋት ነይ፤ ሌሎቹም ይመጣሉ» አልኳት። ነርሷ ቀና ብላ አየችኝ። እናትየዋ ማዘያዋን ጠበቅ አድርጋ ተመለሰች።

በማግስቱ አልመጣችም። ቤቷ ድረስ ሄድኩ፤ ተቆልፏል። ጎረቤቷ «ሥራ ፍለጋ ሌሊት ሄደዋል፤ መቼ እንደሚመለሱ እንጃ» አለችኝ።

ማታ ነርሷ አስቀምጣ አስረዳችኝ። አንድ ልጅ ብቻ ቢመጣም ብልቃጡ ይከፈታል። የዓለም ጤና ድርጅት ምክርም ይኸው ነው። የሚጣለው ዶዝ ከመጀመሪያው እቅዱ ውስጥ መግባት ነበረበት። ኩፍኝ እንዳይዛመት ከ100 ልጆች 95 ያህሉ ሁለት ጊዜ መከተብ አለባቸው። እንግዲህ ከመቶው አምስት ብቻ ነው ቢጎድል የሚያስችለን። በሽታ የያዛቸው፣ የራቁ፣ ያልተቆጠሩም አሉ። ከዚያ ላይ እኔ በር ድረስ የመጣችውን መለስኩ።

ለሁለተኛው ዙር ብልቃጥ ጨምረን ወጣን። በመጨረሻው ቀን ዕቃ ስንሰበስብ አንድ አባት እየሮጠ ደረሰ። ነርሷ ምንም ሳትል አዲስ ብልቃጥ ከፈተች፣ በጠበጠች፣ የተከፈተበትን ሰዓት ላዩ ላይ ጻፈች። ግማሽ ሚሊ ሊትር ቀዳች። ልጁ አለቀሰ። የግራ እጁን ትንሽ ጣት ቀለም ስንቀባው ዝም አለና ጣቱን ማየት ጀመረ። አባትየው ቀለሙ እንዲደርቅ ጎንበስ ብሎ እፍ እፍ አለበት። ዘጠኙ ዶዝ ተወገደ።

የመጀመሪያዋ እናት ልጅ መዝገቤ ላይ አለ። ከስሙ ትይዩ ያለው ሳጥን ባዶ ነው። በየዙሩ አዲስ መዝገብ ስከፍት መጀመሪያ የምገለብጠው እሱን ነው።