ሐረር ሄጄ የታከምኩት በሽታ

እናቴ ደብተሬን አገኘችው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልልቁ «ሳልሞት ማየት ያለብኝ ቦታዎች» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ዳሎል አለ፣ ኤርታሌ አለ፣ ሰሜን ተራሮች፣ ሶፍ ዑመር፣ አቡነ የማታ ጉሕ፣ ሐረር። እሷ ግን እዚያ ድረስ አልወረደችም። «ሳልሞት» የሚለው ላይ ቀጥ አለች። ልጄ ክፉ በሽታ ይዞት ደብቆኛል ብላ ደመደመች።

ከሥራ ስገባ ሳሎኑ ሞልቷል። የንስሐ አባታችን ሶፋው ላይ ናቸው። የሠፈር ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ተደርድረዋል። ቡና ተፈልቷል፤ የሚያወራ ግን የለም። አንዷ ጎረቤታችን ጉንጬን ዳበስ አድርጋ «አይ ልጅነት» አለችና ፊቷን አዞረች። እኔም ማን ሞቶ ይሆን ብዬ ደንግጬ አብሬያቸው ከንፈሬን መጠጥኩ። ለካ ለራሴ ነው።

አባ ደብተሩን ተቀብለው አነበቡና ሳቁ። «ይሄማ ጉብኝት ነው» አሉ። ግን እናቴ ሁለት ነገር ጨርሳለች። ዲሲ ላለችው አክስቴ ደውላ አስለቅሳታለች፤ አክስቴም ስልኩን ሳትዘጋ የሕክምና ገንዘብ ልካለች። ደግሞም ልጄን አትርፍልኝ ብላ ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ ተስላለች።

«ገንዘቡን እንመልስላት» አልኩ።

«የተላከ ገንዘብ ይመለሳል? ነውር ነው!»

«አልታመምኩም እኮ፣ እማዬ!»

«ስለቱ ሰምሮ ነዋ!»

ይሄን ማን ይረታዋል? ዳንኩ፤ ምን ላድርግ። ስለቱ መግባት አለበት። ገንዘቡም ሳይበላሽ ቁም ነገር ላይ መዋል አለበት። ለእኔ ከጉዞ በላይ ቁም ነገር የለም።

ማታ እናቴ መነጽሯን አድርጋ ደብተሩን ጭኗ ላይ ዘረጋች። መርማሪ ሆነች። ከዳሎል ተጀመረ። ስልኬ ላይ ቢጫውንና አረንጓዴውን ኩሬ አሳየኋት። ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ ነው፣ ውሃው አሲድ ነው፣ ዙሪያው ጨውና ድኝ ነው ብዬ አስረዳሁ።

«ድኝ ሲፈላ ለማየትማ ገንዘብ አይከፈልም» አለች። «ንስሐ ካልገባህ በነጻ ታየዋለህ።»

ኤርታሌም በዚሁ ሕግ ወደቀ። ሰሜን ተራሮችን ወዳው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ ነው፣ ከላሊበላ ጋር ነው የተመዘገበው ስላት ላሊበላን ሰምታ ቀና አለች። ራስ ዳሽን ጫፉ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፣ በእግር ነው የሚወጣው ስላት ግን ጉልበቷን ያዘች። ሶፍ ዑመር ባሌ ነው፣ ወይብ ወንዝ ተራራውን ሰርስሮ የሠራው ዋሻ ነው አልኩ። «ጨለማ ነው» አለችና ገጹን ገለጠች።

አቡነ የማታ ጉሕ ላይ ፊቷ በራ። «ቤተ ክርስቲያን ነው? እንዲያውም መጀመሪያ እዚያ!» ፎቶውን ሰጠኋት። ገርዓልታ፣ ቀጥ ያለ ገደል። በባዶ እግር፣ በጣት ቋጥኙን እየቧጠጡ ነው የሚወጣው። መጨረሻ ላይ ጠባብ ጠርዝ አለ፤ ከሥሩ አየር ብቻ ነው። ካህናቱ ግን ይወጡታል። ሕፃን አዝለው ለክርስትና የሚወጡ እናቶችም አሉ። እናቴ ፎቶውን አጉልታ አየችው። ከዚያ ስልኬን ተሳለመችና መለሰችልኝ።

«በረከታቸው ከዚሁ ይድረሰን።»

ሐረር ስትደርስ ጣቷ ቆመ። «ቁልቢ በዚያ በኩል አይደል?» አለቀ፤ ተወሰነ። ሐረር ምን አለ ስትለኝ ግንቡን፣ ቡናውን፣ ገበያውን ነገርኳት። ጅቡን አላነሳሁም። ስለ ጅብ የሚጠየቅ ሰው በጠየቁት ልክ ነው መመለስ ያለበት።

እስከ ድሬዳዋ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው። እኛ ግን ፍተሻው ላይ ብቻ ያን ያህል ቆየን። ጥላው ወርቀ ዘቦ ነው፤ ዘርፉ እስከ መሬት ይወርዳል። ፈታሿ «ይከፈት» አለች። እናቴ ከፈተችው። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሊሳለም መጣ። ፈታሿም ጓንቷን አውልቃ ተሳለመች። ሰልፉ ወዴት እንደሆነ የጠፋባቸው ሁለት ፈረንጆች ሳይቀሩ ጎንበስ ብለው አለፉ።

ድሬዳዋ ሙቀቱ ተቀበለን። ዳገቱን ወጥተን ደንገጎ ስንደርስ ነፋሱ ቀዘቀዘ፤ ከዚያ ወደ ቁልቢ ታጠፍን። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ መቆሚያ የለም። እኛ የሄድነው በዘወትር ቀን ነው፤ ወፍ ይሰማል። ራስ መኮንን ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ ተስለው፣ ድል ሲቀናቸው ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው ይባላል። ራስ መኮንን ለዓድዋ ተሳሉ፤ እናቴ ለደብተር። ጥላውን አስረከበች፣ እልል አለች፣ እኔን ከፊት አቁማ ለካህኑ «ይኸው፣ ዳነ» አለቻቸው። ካህኑ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «መቼም ኪሎው አልቀነሰም» አሉ።

ከዚያ ሐረር። በሐሮማያ በኩል ስናልፍ ሐይቁ አለ፤ ደረቀ ተብሎ ተለቅሶለት የነበረው ሐይቅ ተመልሶ ወፍ ሰፍሮበታል። እናቴ «ይሄም ተስሎ ይሆናል» አለች።

ያረፍነው ጀጎል ውስጥ፣ በአንድ የሐረሪ ቤት ነው። የሐረሪ ቤት ውስጡ መደብ በመደብ ነው፤ ነደባ ይሉታል። የከፍታው ነገር በዘፈቀደ አይደለም፤ የአባወራው መቀመጫ ለብቻው ነው። ግድግዳው በስፌትና በሣህን ተሞልቷል። እናቴ ጫማዋን አውልቃ ገባች፣ ዙሪያውን ቃኘች፣ ቀጥታ የአባወራው ቦታ ላይ ወጥታ እግሯን ዘረጋች። የቤቱ እመቤት አየቻት። አየችኝ። ከዚያ ትራስ ጨመረችላት።

ስለ ጀጎል ብዙ አንብቤ ስለነበር በየመንገዱ ላስረዳት ሞከርኩ። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር አሠሩት። ውስጡ 82 መስጊዶች አሉ። ዩኔስኮ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ቡናና ቆዳ ይነግድ የነበረው ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ እዚህ ኖሯል። እናቴ «እሺ» «እሺ» ትላለች፤ ዓይኗ ግን መኪና ግርግር የሚሉት የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ በሁለቱም በኩል ተደርድረው የሲንጀር መኪናቸውን ያስጮሃሉ። ለቀሚሷ ዋጋ ጠየቀች፣ ተከራከረች፣ ተወችው፣ ተመለሰች። አምስት መቶ ዓመት ገደማ የቆየ ግንብ በቀሚስ ተሸነፈ።

ግንቡን ያየችው ቀዳዳውን ስታይ ነው። ከሥሩ ውሻ የሚያሳልፍ የሚያክል ቀዳዳ አለ።

«ይሄ የውሃ መውረጃ ነው?» አለች።

«የጅብ መግቢያ ነው፣ እማማ» አለ አብሮን የነበረው ልጅ። «ማታ ገብተው ቆሻሻውን ይበሉታል። ጅንም ይበላሉ ይባላል። ውጭ ደግሞ ከሰው አፍ ይመገባሉ፤ ትሄዳላችሁ አይደል?»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። በገጠር ነው ያደገችው። ጅብ ሲባል እሷ የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ የአባቷን አህያ።

«አህያችንን የበላ ዘር እዚህ እራት ይጋበዛል?» አለች። ትንሽ አሰበች። «እስቲ ልየው።»

ሲመሽ በባጃጅ ከግንቡ ውጭ ወጣን። ባለ ባጃጁ መብራቱን ወደ ሜዳው አበራ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ጨለማው ውስጥ ጥንድ ጥንድ አረንጓዴ ዓይን በራ። መጋቢው ቅርጫቱን አጠገቡ አድርጎ ቁጭ ብሏል፤ በየስማቸው እየጠራ፣ ግማሽ በሐረሪ ግማሽ በኦሮምኛ ያወራቸዋል። እነሱም እያነከሱ መጡ። ጅብ እስኪነክስ ያነክስ የሚባለው ትዝ አለኝ፤ ባይለኝ ደስ ባለኝ።

«ትልልቆቹ ሴቶቹ ናቸው» አለ መጋቢው። «አለቃዋም ሴት ናት። ወንዱ ከሁሉም በኋላ ነው የሚበላው።»

እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ጅብ ጥሩ ነገር ተናገረች። «ሥርዓት አላቸው።»

መጋቢው አንበረከከኝ። ከስንዝር ብዙም የማትበልጥ እንጨት ጫፏ ላይ የሥጋ ቁራጭ አንጠልጥሎ «በጥርስህ ያዝ» አለኝ። ያዝኩ። ይሄኔ ከኋላዬ ድምፅ መጣ።

«አንተ! ዛሬ ረቡዕ አይደለም እንዴ?»

አፌ ውስጥ እንጨት አለ። መልስ የለም።

«ሥጋ በአፍህ? በጾም? ጠዋት ገብርኤልን ተሳልመህ?»

«እም…»

«እም ምንድን ነው? ትፋው!»

እንዳልተፋው ጅቧ ደርሳለች። አፍንጫዋ እርጥብ ነው። ትንፋሿ የሰነበተ ቆዳ ይሸታል። ሥጋውን ስትወስድ ጥርሷ እንጨቱ ላይ ቀጭ ሲል መንጋጋዬ ድረስ ተሰማኝ። መጋቢው ደግሞ ሁለተኛውን ቁራጭ ከራሴ በላይ አንጠልጥሎ ኖሯል፤ ሌላዋ በጀርባዬ ወጣች። የፊት እግሮቿን ትከሻዬ ላይ ተክላ ቆመች። እኔ በዚያ ሰዓት በሕይወቴ ያየሁትን ሁሉ ቦታ ረስቻለሁ።

«ቀና በል! ፈገግ በል!» ትላለች እናቴ። ጾሙን ትታ ፎቶ ጀምራለች። በዚህ መሃል ስልኩ ጠራ። አክስቴ ናት፣ በቪዲዮ። ዲሲ ቀትር ነው፤ ምሳ ሰዓቷ ላይ ስለ በሽተኛው ልትጠይቅ ነው የደወለችው። እናቴ አነሳችና ስልኩን ወደ እኔ አዞረችው።

«ልጁ እንዴት ነው? ምን ሆኖ ነው የተንበረከከው? ጀርባው ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ጅብ» አለች እናቴ።

«ኧረ የሰው ያለህ! ጅብ በላው! ኡኡ!»

ድምፅ ማጉያው ተከፍቷል። ጅቦቹ ጆሯቸውን እንኳ አላነቃነቁም፤ የቱሪስት ጩኸት ለምደዋል። የተነሳሁት እኔ ነኝ። «አትሩጥ!» ይላል መጋቢው። የሰማሁት ባጃጁ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። የግራ እግር ጫማዬ ግን አልገባም። ያለ ማሰሪያ የሚጠለቅ፣ ጥሩ የቆዳ ጫማ ነበር። ጅቧ አሸተተችው፣ በአፏ አነሳችው፣ ወደ ጨለማው ይዛው ሄደች።

እናቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባል ነበር፤ እዚህማ በሚያውቁት አገርም ይነጠፍለታል!»

ስልኩ ውስጥ አክስቴ አሁንም አለች። «የላክሁት ገንዘብ ለዚህ ነው?»

እናቴ ዓይኗን ሳታርገበግብ «ሕክምናው ነው እኮ» አለቻት። «እዚህ አገር ጅብ ጅን ይበላል። ሐኪም ያቃተውን ነው የሚያወጡት።»

አክስቴ ዝም አለች። ከዚያ በቀስታ «እና… ለውጥ አለው?»

«ሲሮጥ አላየሽውም?»

በማግስቱ ጠዋት በአንድ ጫማና በአንድ የቤት ነጠላ ጫማ ጀጎል ውስጥ እየተጓዝኩ እናቴን አኩርፌያታለሁ። ጫማው ሲነሳ መቅረጿን አላቆመችም ነበር፤ ቪዲዮውም ለዕድሩ ሴቶች ተልኳል። የእርቅ ጎዳና የሚሉት ቀጭን መንገድ አለ፤ ሁለት ሰው ሳይነካካ አይተላለፍበትም። የተጣሉ ሰዎች እዚያ ከተገናኙ ሳይነጋገሩ ማለፍ ስለማይችሉ ይታረቃሉ ይላሉ። እኛ መሃሉ ላይ ስንደርስ ከፊት አህያ መጣ፤ ሸክሙ ከግድግዳ ግድግዳ ነው። እናቴ ክንዴን ይዛ ወደ ኋላ ጎተተችኝ። «ይህቺስ ተርፋለች» አለች አህያዋን እያየች። ሳቅሁ። ታረቅን ማለት ነው።

ጊድር መጋላ ጫማ ተራ ገባን። እናቴ የቀኝ ጫማዬን አስወልቃ ለነጋዴው አሳየችው።

«ግራውን ብቻ ነው የምንፈልገው። ቀኙ ይኸው አለን። ስለዚህ በግማሽ ዋጋ።»

ነጋዴው አልተገረመም። ጫማውን ገለበጠው። «ጅብ ነው?»

«ጅብ ነው።»

«በአንድ እግር አልሸጥም፣ እማማ። ግን ጥንዱን ላስተካክልልዎ። የዛሬ ማታም ከሄዳችሁ ትርፍ ይሆነዋል።»

«የለም፣ በቃን» አልኩ ቶሎ ብዬ።

እናቴ በጣቷ ቀኑን ቆጠረች።

«ዛሬ ሐሙስ ነው» አለች። «ሐሙስ አይጾምም።»