ብርዱ የያዘው ሲሮጥ ሳይሆን ሲቆም ነው

ስራዬ ሰው ውጪ ማሰልጠን ነው፣ ጠዋት ጠዋት ቡድን ይዘን ዳገት እንሮጣለን፣ አየሩ ቀዘቀዘ ብለንም አንቀርም። ብርድ ላይ ስፖርት መስራት አደጋ አለው ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሌ የምነግረው ይሄን ገጠመኝ ነው፣ ምክንያቱም ብርድ ደካማውን ነው የሚጎዳው ብሎ የሚያስብ ሰው በጣም ብዙ ነው፣ የዛን ቀን የያዘው ግን ከቡድናችን ጠንካራውን ልጅ ነበር።

በረዶ የሚባል ነገር አልነበረም። 5 ዲግሪ አካባቢ፣ ካፊያ ቢጤ፣ ከላይ ደግሞ ኃይለኛ ንፋስ። ሃይፖሰርሚያ ማለት የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ነው (ጤነኛ ሰው 37 አካባቢ ነው)፣ ይሄ ደግሞ እርጥብ ልብስና ንፋስ ከተገናኙ ከዜሮ በላይ በሆነ አየርም ይመጣል።

ልጁ ዳገት ላይ ማንም አይደርስበትም። ቶሎ ስለሚሞቀው ጃኬቱን ታች መኪና ውስጥ ትቶ በጥጥ ቲሸርት ብቻ ነበር የወጣው፣ ይሄን ያወቅነው በኋላ ነው። እኔ የመጨረሻዎቹን ይዤ ከኋላ ነኝ፣ አብራን የምትሰራው ነርስ፣ ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት፣ እሷም ከኔ ጋር ናት። እሱ ጫፍ ላይ የምንሰባሰብበት ቦታ ቀድሞን ደርሶ፣ ቲሸርቱ በላብና በካፊያ ርሶ፣ ንፋስ የሚመታው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ እኛን ይጠብቃል።

ስንደርስ እየተንቀጠቀጠ ነው። "ምነው፣ በረደህ እንዴ?" ስለው "ኧረ ደህና ነኝ ኮች፣ እንቀጥል" አለኝ፣ ግን ምላሱ ይያዛል፣ ቃላቱ ይጎተታሉ። ሲስተር ከቦርሳዋ ጃኬት አውጥታ ሰጠችው፣ ለበሰውና ዚፑን ለመዝጋት ሲታገል ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። "እስቲ አውራ ጣትህን ከትንሿ ጣትህ ጋር አገናኝልኝ" አለችው። አልቻለም። እሱ ግን ይሄ ሁሉ እየሆነ ምንም እንዳልሆነ ነው የሚያወራው፣ እኔን በጣም ያስደነገጠኝም እሱ ነው፣ ብርዱ ከጣት ቀጥሎ የሚነካው አእምሮን ስለሆነ የተያዘው ሰው መያዙን የሚያውቀው ከሁሉም መጨረሻ ነው። ስለዚህ ማወቅ ያለበት አጠገቡ ያለው ሰው ነው።

በዚህ መሃል ሁሉም የመሰለውን መናገር ጀመረ። አንዱ "ተነስቶ ይሩጥ፣ ይሞቀዋል" ይላል፣ በእድሜ የሚበልጡን አንድ ጋሼ ደግሞ ከልባቸው አዝነው እጁን ያዝ አርገው ያሹት ጀመር። ሲስተር ቆጣ ሳትል ግን ፈጠን ብላ "ጋሼ ይተዉት፣ አይሹት፣ አሁን የምናሞቀው እጁን ሳይሆን ደረቱን ነው" አለቻቸው። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ ሰውነት ሲቀዘቅዝ ደሙን ከእጅና ከእግር ቀንሶ ወደ መሃል፣ ለልብና ለሌላው የውስጥ አካል ይሰበስባል፣ እጅና እግርን በግድ ካሸህ ወይ ካሞቅክ እዛ የቀዘቀዘው ደም ወደ ልብ ይመለስና የልብ ምት ሊያዛባ ይችላል። እንዲሮጥ ማድረጉም እንደዛው፣ በዛ ላይ ደግሞ እግሩን በቅጡ የማያዝ ሰው ዳገት ላይ ይወድቃል።

ከድንጋዩ አንስተን ንፋስ ወደማይመታበት የቋጥኝ ጀርባ ወሰድነው፣ ቦርሳዎች ደርድረን እነሱ ላይ አስቀመጥነው፣ ቀዝቃዛ መሬት ራሱ ሙቀት ይስባል። እርጥቡን ቲሸርት ሙሉ በሙሉ አወለቅንለት (ጃኬት ከላይ መደረብ ብቻ አይበቃም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው)፣ ደረቅ ሹራብ፣ ኮፍያ፣ ብርድ ልብስ። መዋጥ እንደሚችል ካየን በኋላ ሲስተር ከፔርሙዟ ለብ ያለ ስኳር የበዛበት ሻይ ቀስ እያለ አጠጣችው። አልኮል ያሞቃል የሚለውን ነገር ደግሞ እባካችሁ ተዉት፣ ቆዳ ላይ ያሉትን የደም ስሮች ስለሚያሰፋ የሚሞቅ ይመስላል እንጂ ከውስጥ ያለውን ሙቀት ነው የሚያስወጣው።

እየቆየ አነጋገሩ ተስተካከለ፣ ጣቶቹም መታዘዝ ጀመሩ፣ ደግፈን አውርደን ለምርመራ ወሰድነው። ሲስተር እንደነገረችን ከሆነ መንቀጥቀጡ እንደውም ጥሩ ምልክት ነበር፣ ሰውነቱ እየታገለ ነው ማለት ነው። ሰውየው እንደቀዘቀዘ እያለ መንቀጥቀጡ ካቆመና እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ያ መሻል አይደለም፣ ህይወት የሚያጠፋው ደረጃ ነው፣ አምቡላንስ መጥራትና ሳያንገላቱ አጋድሞ መሸፈን ነው።

ለምን ጠንካራው ተያዘ? ስትሮጥ ጡንቻ የሚጠቀመው ጉልበት አብዛኛው ወደ ሙቀት ነው የሚቀየረው፣ ስለዚህ እስከሮጥክ ድረስ ምድጃው ይነዳል። በቆምክባት ደቂቃ ምድጃው ይጠፋል፣ ላቡ ግን እላይህ ላይ ነው፣ ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ገደማ በፈጠነ ሁኔታ ይወስዳል። ፈጣኑ ልጅ ከሁሉም በላይ ያልበዋል፣ ቀድሞ ይደርሳል፣ ረጅም ይቆማል። ንፋሱን ደሞ ጨምርበት፣ -10 ዲግሪ አየር ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ ካለ ቆዳህ ላይ -20 ሆኖ ነው የሚሰማህ፣ ያውም ደረቅ ቆዳ ላይ ነው።

በዓለም ደረጃ የታወቁ ሯጮችም ከዚህ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 2021 ቻይና ጋንሱ ግዛት ውስጥ በተደረገ የ100 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ ላይ ከ172 ተወዳዳሪዎች 21ዱ ሞቱ፣ ድንገት ንፋስ፣ ዝናብና በረዶ መጥቶ ብዙዎቹ ስስ ልብስ ለብሰው ከፍታ ላይ ነበር ያገኛቸው። ከሟቾቹ አንዱ ሊያንግ ጂንግ በሀገሩ ከታወቁት የረጅም ርቀት ሯጮች መሃል ነበር። ንፋስ የሚከላከል ጃኬት መያዝ የግዴታ እቃዎች ውስጥ አልነበረም። ዡ ኬሚንግ የሚባል እረኛ ስድስት ሯጮችን ዋሻ ውስጥ አስገብቶ እሳት አንድዶ ነው ያተረፋቸው። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል፣ አንድ ቀላል ጃኬት እኮ ስንት ግራም ቢሆን ነው።

እኛ ጋር አሁን ጃኬትና ደረቅ መቀየሪያ ያልያዘ ሰው ከመኪናው አይርቅም። ጫፍ ላይ ቆሞ መጠበቅ የሚባል ነገርም ቀርቷል፣ ፊት ያለው ዞሮ ተመልሶ ኋላ ካሉት ጋር ይቀላቀላል፣ በዚህም ሁሉም እየተንቀሳቀሰ ይቆያል። ከቆዳ ቀጥሎ የሚለበሰው ላብ ቢነካውም ቶሎ የማያቀዘቅዝ ፖሊስተር ወይ ሱፍ ነው፣ ጥጥ አይሆንም፣ ከሱ በላይ የሚያሞቅ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ንፋስ የማያሳልፍ። ሲጀመር ትንሽ ሊበርድህ ይገባል፣ ገና ሳትሮጥ የሚሞቅህ ከሆነ ልብስህ በዝቷል፣ በኋላ ላቡ ይይዝሃል። ውሃም ጠጡ፣ ብርድ የጥማት ስሜትን ስለሚቀንስ ሰው ሳይጠማው ነው ውሃው ከሰውነቱ የሚያልቀው።

የልብ ችግር ወይ የደም ግፊት ያለበትን ሰው ሀኪሙን ሳያናግር ብርድ ላይ አናስሮጥም፣ ብርድ የደም ስሮችን አጥብቦ ግፊት ስለሚጨምር ልብ ላይ ሁለት ስራ ነው የሚሆንበት። አስም ያለባቸው ደግሞ ቀዝቃዛ ደረቅ አየር የመተንፈሻ ቧንቧቸውን ስለሚያጠብ አፍና አፍንጫቸውን በስካርፍ ሸፍነው ቀስ ብለው ያሟሙቃሉ፣ የሚነፉትን መድሃኒት ደግሞ ቦርሳ ኪስ ውስጥ ሳይሆን ከጃኬት ስር ገላ አጠገብ ይዘው ነው የሚወጡት፣ እቃው ከቀዘቀዘ መድሃኒቱን በትክክል ላይረጭ ይችላል።