«ሶልት ኦፍ ዘ ኧርዝ»ን በአማርኛ ጽሑፍ ለሠራተኛ ታዳሚ የማሳይበት መንገድ

ስለ ሥራ፣ ስለ አድማና ስለ ስደተኛ ኑሮ ከተሠሩት ፊልሞች መካከል ዋሽንግተን አካባቢ ላለው ሐበሻ መጀመሪያ የማሳየው በ1954 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ሶልት ኦፍ ዘ ኧርዝ»ን ነው። አንዱ ምክንያት ሕግ ነው። የቅጂ መብቱ ስላልታደሰ አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ሳይጠየቅ በአዳራሽ ማሳየት ይቻላል። ቤት ለማየት የምንከፍለው የኔትፍሊክስ ዓይነት ክፍያ ግን ለአዳራሽ አይሠራም፤ ሌሎቹን ፊልሞች ለማሳየት ከአከፋፋዩ ፈቃድ መግዛት ግድ ነው። አውሮፓ ያለ ሰው የዚህንም ቢሆን ያገሩን ሕግ ያጣራ፤ እዚህ ነጻ ነው ማለት እዚያም ነጻ ነው ማለት አይደለም።

ሌላው ምክንያት ታሪኩ ነው። ፊልሙ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ የኢምፓየር ዚንክ ማዕድን ሠራተኞች ከ1950 እስከ 1952 ያካሄዱትን 15 ወር የፈጀ አድማ ተከትሎ የተሠራ ነው። የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ሠራተኞች ቤት የሞቀ ውኃ የለም፣ የነጮቹ ቤት አለ። ፍርድ ቤቱ አድማ የመቱት ሠራተኞች ከማዕድኑ በር እንዲርቁ ሲያግድ፣ እግዱ ሚስቶቻቸውን ስለማይጠቅስ ሴቶቹ ሰልፉን ይረከባሉ፤ ወንዶቹ ደግሞ ቤት ቀርተው ልብስ ያጥባሉ። ዋናውን ሠራተኛ ራሞንን ሆኖ የተጫወተው ሁዋን ቻኮን በእውኑም የነዚያው ሠራተኞች ማኅበር ሊቀ መንበር ነበር። ሚስቱን ኤስፔራንሳን ሆና የተጫወተችው ሮሳውራ ሬቭዌልታስ ቀረጻው ሳያልቅ በኢሚግሬሽን ተይዛ ወደ ሜክሲኮ ተመልሳለች፤ የትረካ ድምፅዋም እዚያው ሜክሲኮ ነው የተቀዳው።

ለኛ ታዳሚ ፊልሙ የሚይዘው ወይም የሚያመልጠው ሴቶቹ ሰልፉን ይረከቡ አይረከቡ ተብሎ ድምፅ በሚሰጥበት ስብሰባ ላይ ነው። ብዙ ሰው ይናገራል፣ ንግግሩም ይፈጥናል። ስለዚህ ከምስሉ ሥር የሚታየውን የአማርኛ ጽሑፍ ከመግቢያው ሳይሆን ከዚህ ስብሰባ እጀምራለሁ። እዚህ የሠራው መጠንና ፍጥነት ሌላው ቦታ ሁሉ ይሠራል።

የምጠቀመው ሰብታይትል ኤዲት የሚባለውን ነጻ የጽሑፍ ማዘጋጃ ሶፍትዌር ነው። ልኬቴ እንዲህ ነው፦ ቢበዛ ሁለት መስመር፣ በመስመር እስከ 28 ፊደል፣ በሰከንድ ከ8 እስከ 9 ፊደል። አንዱ ጽሑፍ ከ1 ሰከንድ አያንስም፣ ከ6 አይበልጥም። የተነገረውን ሁሉ ለመጻፍ የሚሞክር ሰው ይሄን ልኬት ወዲያው ያልፋል፤ ስድቡና ተቃውሞው ይቅር፣ ክርክሩ ይግባ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣ አንድን ረጅም ዓረፍተ ነገር ለሁለት ከፍሎ ማስቀመጥ አይሆንም፤ ተመልካቹ ግሱን እየጠበቀ ተናጋሪው ይቀየርበታል። «እግዱ ወንዶቹን ነው የሚከለክለው።» ብዬ እዘጋና ቀጣዩ ላይ «ሴቶቹን አይነካም።» እላለሁ። እያንዳንዱ ለብቻው ይቆማል።

የኤስፔራንሳን ትረካ ከንግግሯ መለየት ያስፈልጋል። ሌሎች ፊደላቸውን ያጋድማሉ፤ የግዕዝ ፊደል ሲጋደም ግን ከሩቅ አይነበብም። እኔ ንግግሩን ቢጫ፣ ትረካውን ፈዛዛ ሰማያዊ አደርገዋለሁ፤ ሁለቱንም በጥቁር ጠርዝ። ነጭ አይሁን፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ የታጠበው ልብስ ገመድ ላይ የሚሰጣበት ቦታ ሲደርስ ነጭ ጽሑፍ አንሶላው ውስጥ ይጠፋል።

ፋይሉን ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አመዘጋገብ ማስቀመጥ ግዴታ ነው። አለበለዚያ አማርኛው የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየ ችግሩ ሌላ ነው፤ ኮምፒውተሩ የግዕዝ ፎንት የለውም ማለት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ይጫንበት። የአዳራሹን ኮምፒውተር ማመን ስለማይቻል መጨረሻ ላይ ጽሑፉን ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ ሶፍትዌር ከምስሉ ጋር አንድ አድርጌ ነው ይዤ የምሄደው። ፍላሹ የተፎረመተው በፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም።

ጽሑፉ ከድምፁ ጋር አልገጥም ሲል መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ልዩነቱን እለካለሁ። ልዩነቱ እኩል ከሆነ ሁሉንም በአንድ ላይ መግፋት ይበቃል። እያደገ ከሄደ የምስል ፍጥነቱ ተለያይቷል፤ በሰከንድ 25 ምስል ለሚያሳይ ቅጂ የተሠራ ጽሑፍ 23.976 በሚያሳይ ቅጂ ላይ ሲሄድ በየደቂቃው 2 ሰከንድ ተኩል ገደማ ይቀድማል፣ በ94ኛው ደቂቃ ወደ 4 ደቂቃ ይደርሳል። እየገጠመ ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ድንገት ከዘለለ ደግሞ ቅጂው ተቆርጧል። ይሄ ፊልም ኢንተርኔት ላይ በብዙ ቅጂ ስላለ አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው በዚያው መሥራት ነው።

አዳራሹ ወለሉ ሜዳ ከሆነ የስክሪኑ የታች ጠርዝ ከመሬት ቢያንስ 1 ሜትር ከ20 ይሁን፤ አለበለዚያ የኋላ ሰው የሚያየው የፊተኛውን ራስ እንጂ ጽሑፉን አይደለም። ምስሉ ጠበብ ያለ ነው፤ ስክሪኑን ለመሙላት መለጠጥ ፊቶቹን ያበላሻል። የላፕቶፕ ድምፅ ለአዳራሽ አይበቃም፤ ሁለት ስፒከር በጆሮ ቁመት አቆማለሁ፣ ቤዙን እቀንሳለሁ። ድምፁ የድሮ ስለሆነ ቤዝ ሲጨመርበት ያጉረመርማል።

ሰዓቱ እሑድ 10 ሰዓት ነው። ነርሲንግ ሆም የሚሠሩት የጠዋት ፈረቃቸው 9 ሰዓት ላይ ያበቃል፤ ቤተ ክርስቲያንም ወጥቷል። ማስታወቂያው ላይ «ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በአሜሪካ 4 ፒኤም» ብሎ ሁለቱንም መጻፍ ነው፤ አንዱን ብቻ ያዩ ሰዎች ማታ ይመጣሉ። አዳራሹን ለ3 ሰዓት መከራየት ይበቃል።

ቡናው ከፊልሙ በኋላ ይሁን፣ በፔርሙዝ ተዘጋጅቶ። እዚያው ከተቆላ የጢስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፤ ከሱ የሚብሰው ግን ቡናውን የሚያፈሉት ሴቶች ፊልሙን አለማየታቸው ነው። በዚህ ፊልም ላይ ይሄ ያስቃል። የሚያቀርቡት ወንዶች ይሁኑ።

ለውይይት «ምን ተሰማችሁ?» አልልም፤ መልሱ «ደስ ይላል» ብቻ ነው። «የሞቀ ውኃውን ጥያቄ ወንዶቹ ከዝርዝሩ ያወጡት ለምንድነው?» ስል ግን የታክሲውም የፓርኪንጉም ሰው ይናገራል። አዛውንቶቹ የ1966 ዓ.ም.ን የኢሠአማ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር) አድማ ያነሳሉ፤ እነሱን አለማቋረጥ ነው። ሕግ ከተነሳ ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ አብሮ መነጋገርን የ1935ቱ የአሜሪካ ሕግ እንደሚጠብቅ፣ ነገር ግን በግል ተዋዋይነት የሚነዳውንና ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራውን እንደማያካትት አብሬ እናገራለሁ። ስም አልመዘግብም፣ ፎቶም አይነሳም፤ የኢሚግሬሽን ጉዳዩ ያላለቀለት ሰው ይኖራል፣ አለቃውም እዚያው ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ የሚጋበዘው የሴኔጋሉ ዳይሬክተር የሴምቤን ኡስማን የ1966 እ.ኤ.አ. «ላ ኑዋር ደ» ነው፤ ከዳካር ወደ ፈረንሳይ የተወሰደች የቤት ሠራተኛ ታሪክ ነው፣ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ፈቃድ ግን ይገዛለታል። ልጅቷ መጨረሻ ላይ ራሷን ታጠፋለች። ከቤይሩትና ከሪያድ የተመለሱ ሴቶች ስለሚመጡ ይሄንን ማስታወቂያው ላይ አስቀድሜ እጽፋለሁ፣ በር ላይም በቃል እደግመዋለሁ።