ኪንታሮትና የሹፌር ወንበር

ከኮምቦልቻ ደሴ ሚኒባስ መንዳት ከጀመርሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የሐረጎን ዳገት በቀን አራት አምስት ጊዜ ሲወጡና ሲወርዱ መዋል ቀኑን ሙሉ ከወንበር አለመነሳት ነው። መጸዳጃ ቤት ስፈልግ ተራዬ እንዳያልፈኝ እሰጋ ስለነበር ውሃም እምብዛም አልጠጣም ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጫት አይጠፋም፤ ጫት ሆድ እንደሚያደርቅ የማያውቅ ቃሚ የለም።

ባለፈው ክረምት፣ መጀመሪያ የሆድ ድርቀትና ማማጥ፣ ቀጥሎ ማሳከክ፣ በመጨረሻም ወረቀቱ ላይ ደማቅ ቀይ ደም መጣ። ደሴ አንድ መድኃኒት ቤት ስገባ የጎረቤቴ ሚስት ከኋላዬ ቆማ ስለነበር "ለሚያሳክክ የሚሆን ቅባት" ብዬ ብቻ ጠየቅሁ። ባለሙያው "የት ቦታ ነው?" ሲለኝ "ብብቴ ሥር" አልሁት። የፈንገስ ቅባት ሰጠኝ፤ እኔም ወስጄ ያለቦታው ቀባሁት፤ የተረፈኝም ማቃጠል ብቻ ነበር።

በሳምንቱ መደብሩ ባዶ በሆነበት ሰዓት ተመልሼ እውነቱን ተናገርሁ። ያገኘኋት ጎልማሳ ባለሙያ ነበረች። "ወንድሜ፣ ደሙ ከሰገራው ጋር ተደባልቋል ወይስ ከላይ ነው የሚታየው? ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" አለችኝ። ለወገቤ አይቡፕሮፌን እንደምውጥ ስነግራት፣ እሱ መድማትን ሊያባብስ ስለሚችል በፓራሲታሞል እንድተካው መከረችኝ። ኪንታሮት በፊንጢጣ አካባቢ ያሉ የደም ሥሮች ሲያብጡ የሚመጣ በመሆኑ ቅባቱ ሕመሙንና ማሳከኩን ያስታግሳል እንጂ ማማጡ እስካልቀረ ድረስ ተመልሶ እንደሚመጣ፣ ሃይድሮኮርቲዞን የተባለ ማሳከክና እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ያለበትንም ቅባት፣ ቆዳ ስለሚያሳሳ ከ7 ቀን በላይ መቀባት እንደማይገባ አስረዳችኝ።

ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ሞልቼ፣ ሳሙና ሳልጨምር፣ ጠዋትና ማታ 15 ደቂቃ እቀመጥበት ጀመር፤ ባለቤቴ በሁለተኛው ቀን "ይህ ሳፋ ከእንግዲህ የአንተ ነው" ብላ የልብስ ማጠቢያ ሌላ ገዛች። ተልባ ከብዙ ውሃ ጋር እጠጣለሁ፤ በነጭ ዳቦ ፈንታ የገብስ ቂጣ እበላለሁ፤ መጸዳጃ ቤት ስልክ ይዞ መቀመጥንም ተውሁ። ከሁሉ የጠቀመኝ መጠጣት የጀመርሁት ውሃ ይመስለኛል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ኪንታሮትን በተክል አቃጥሎ የሚያወጣ ሰው ሊያሳየኝ ፈልጎ ነበር። ባለሙያዋን ስጠይቃት፣ የሚያቃጥል ነገር ቁስልና ጠባሳ ትቶ መውጫውን ሊያጠብብ እንደሚችል ነገረችኝ፤ አልሄድሁም።

ደሙ በሁለተኛው ሳምንት ቆመ። ሆኖም ዕድሜዬ 47 በመሆኑ፣ ደም ሁሉ የኪንታሮት ነው ተብሎ እንደማይታለፍ፣ በተለይ ሰገራ ሲጠቁር ወይም ሰውነት ሲከሳ ሳይዘገዩ መታየት እንደሚያስፈልግ አጥብቃ ስለነገረችኝ ሐኪም ቤት ሄድሁ። ሐኪሙ በጓንት መረመረኝ፤ አጭር ቱቦም አስገብቶ አየ። ለወራት የፈራሁት ምርመራ አንድ ሚኒባስ እስኪሞላ ከሚፈጀው ጊዜ ያነሰ ነበር፤ ያገኘውም የውስጥ ኪንታሮት መሆኑን ነገረኝ።

ጫቱን ግን ገና አልተውሁትም፤ ለእሑድ ብቻ አድርጌዋለሁ፤ እሱም ከውሃ ጠርሙሴ ጋር ነው።